ፍጡነ ረድኤት በሞጣ ደብር

ከደጀን ተነሥቶ ቢቸናን፣ ደብረ ወርቅንና ግንደ ወይንን እያለፈ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሰው፣ ጤፍና ስንዴ በለበሰው በዚያ ደጋ ላይ ዓይኑን ባነሣ ቍጥር በዛፍ የተከበበ ደብር ሳያይ ብዙ አይርቅም፤ ሞጣ በደረሰ ጊዜ ግን ደብሩ በከተማው ውስጥ መኖሩን ብቻ ሳይሆን፣ ከተማው ራሱ በደብሩ ጥላ ሥር በቅሎ ማደጉን ያስተውላል።

ይህን ደብር በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የተከሉት፣ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ፣ የደጃዝማች ዮሴዴቅ ባለቤትና ጐጃምን የገዙት የራስ ኃይሉ እናት፣ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው። እናታቸው በጎንደር ደብረ ፀሐይ ቍስቋምን ተክለው በመሬትና በመጻሕፍት እንዳከበሩ፣ ልጅም የእናታቸውን ፈለግ ተከትለው ከዓባይ ማዶ ይህን ደብር አቆሙ።

ደብር የሚጸናው ግን በግድግዳው ብቻ አይደለም። ለሚቀድሰው ካህን፣ ለሚዘምረው ደብተራ፣ ሌላም አገልግሎት ላለበት ሁሉ ሪም የሚባል መሬት ተመደበ፤ ይህም ሪም ሲሸጥ፣ ሲለወጥና ሲወረስ፣ ነገሩ በቅዱሳት መጻሕፍቱ ኅዳግ ላይ እየተጻፈ ይኖር ነበር። እገሌ ለእገሌ ሸጠ፤ ዋጋው ይህን ያህል ነው፤ ዋሱ እገሌ፣ እማኞቹ እነእገሌ ናቸው ተብሎ በቀጭን ብዕር ይሰፍር ነበር። ከባለ መሬቶቹም መካከል ብዙ ሴቶች በስማቸው ተመዝግበው ይገኛሉ። መሬቱን የሚያርሰው ገበሬ የተሸከመውን ከባድ ሸክም ሳንዘነጋ፣ ወንጌል የተጻፈበት ብራና የአገሬውን ውልና ርስት እንዲጠብቅ መደረጉ፣ ሕዝቡ የሰማዕቱን ደጅ የእውነት ማኅደር አድርጎ እንደ ቈጠረው ያስረዳል።

ሊቀ ሰማዕታት ጊዮርጊስን ሕዝባችን ፍጡነ ረድኤት ብሎ መጥራቱም ከዚሁ እምነት የመነጨ ነው። ሠዓሊው በነጭ ፈረስ አስቀምጦ፣ ጦሩን በዘንዶው አፍ ሰክቶ፣ ብሩታዊት የምትባለውን ልጃገረድ ከዛፍ ላይ ሆና ስትመለከት ያሳየናል፤ ገድሉ ደግሞ ሰባት ዓመት በንጉሥ ዱድያኖስ እጅ መሠቃየቱን፣ ሦስት ጊዜ ሞቶ መነሣቱን፣ ሥጋው ተቃጥሎና ተፈጭቶ በደብረ ይድራስ ተራራ ላይ መበተኑን ይተርካል። ዕረፍቱ ሚያዝያ 23 ቀን፣ የዐፅሙ ዝርወት ጥር 18 ቀን ይከበራል፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነው የዐድዋ ድልም በወርኃዊ በዓሉ ስለ ዋለ፣ የሕዝቡ ፍቅር እጅግ ጸንቷል።

ይህ ፍቅር በዐዋጅ የማይገዛ መሆኑን ለማወቅ የሚሻ፣ ከሞጣ ብዙም ሳይርቅ በእነብሴ ምድር ወዳለችው መርጡለ ማርያም ይሂድ። ንግሥት እሌኒ ያሠሯት ቤተ ክርስቲያን በግራኝ አሕመድ ዘመን ከተቃጠለች በኋላ፣ ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ በተቀበሉበት ዘመን፣ ኢጣልያዊው ኢየሱሳዊ አባ ብሩኖ ብሩኒ በዚያው ስፍራ በጥርብ ድንጋይ የታነጸ ቤተ መቅደስ አቆመ። ፍራሹን ቀርቦ የሚያይ ሰው፣ በድንጋዩ ላይ የተፈለፈሉትን ጽጌያት በጣቱ እየዳሰሰ የጠራቢውን ጥበብና ትዕግሥት ማድነቁ አይቀርም። የግንበኛው እጅ አልሰነፈም፤ ሃይማኖቱ በሥልጣን ኃይል በመጫኑ ግን ብዙ ደም ፈሰሰ፣ በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸው ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ ያም ያማረ ሕንፃ ፈርሶ ቀረ፣ የእመቤታችን ደብር ግን በሕዝቡ አምልኮ እስከ ዛሬ ይኖራል።

በቢቸና በኩልም በእነማይ ምድር፣ አቡነ ተከሥተ ብርሃን የመሠረቱት ዲማ ጊዮርጊስ አለ። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ እርሱ ነበር፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር»ም የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን ፍቅር በዲማ እንዲበቅል አድርገውታል። የቈሎ ተማሪ እየለመነ ያደረበት ደጅ ለአገሪቱ ትልቅ ልቦለድ መድረክ መሆኑ፣ የሰማዕቱ ደብር ከጸሎት ቤትነቱ በላይ የትምህርትና የሥነ ጽሑፍ ቤትም እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ዱድያኖስ የጊዮርጊስን ዐፅም አስፈጭቶ በነፋስ ሲያስበትን ስሙን ከምድር ያጠፋ መስሎት ነበር። እኛ ግን ያ ትቢያ ወዴት እንደ ደረሰ እናውቃለን፤ በዲማም በሞጣም፣ ጥር 18 ቀን ሌሊት ካህናት መቋሚያቸውን ተደግፈው ጸናጽላቸውን ሲያነሡ፣ የተበተነው እንደ ዘር ወድቆ እንደ በቀለ ይሰማል።