ሳይበስል የሚለቀቅ የኦንላይን ተኩስ ጌም

ሳይበስል የሚለቀቅ የኦንላይን ተኩስ ጌም የሚባለው ብዙ ተጫዋቾች በኢንተርኔት ተገናኝተው የሚታኮሱበት፣ ለሽያጭ በቀረበበት ቀን በወጉ የማይሠራና አምራቹ ጉድለቱን በኋላ በተከታታይ አፕዴት የሚጠግነው የኮምፒውተር፣ የኮንሶል ወይም የስልክ ጌም ነው። ጉድለቱ ብዙ መልክ አለው፤ ጌሙ መሀል ላይ በድንገት ይዘጋል፣ ሰርቨሩ ሰው አላስገባ ይላል፣ ግድግዳ ጀርባ ገብቶ የተሸሸገ ተጫዋች ከተከለለ በኋላ ተመትቶ ይወድቃል። ጥገናው የሚመጣው በኢንተርኔት ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ መሀል፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማና በውስጡ ባለው በካዛንቺስ፣ «ኋላ ይስተካከላል» የሚለው የአምራቾች ተስፋ የሚመዘነው በተጫዋቹ የዳታ ሒሳብ ነው። በዚህ መጣጥፍ ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጥ

ኮንሶሎች ከኢንተርኔት ጋር ሳይገናኙ በፊት ጌም አንዴ በካርትሪጅ ወይም በዲስክ ከታተመ ስህተቱ አብሮት ይኖር ነበር። በኮምፒውተር በኩል መንገዱ ቀደም ብሎ ተከፍቷል። ኢድ ሶፍትዌር ኩዌክን በጁን 1996 ለቀቀ፤ በስልክ መስመር ኢንተርኔት ለሚጫወቱት ግን እጅግ ይዘገይባቸው ስለነበር የኩባንያው ፕሮግራመር ጆን ካርማክ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ኩዌክወርልድ የተባለውን እትም አወጣ። በዚህ እትም የተጫዋቹ ኮምፒውተር የሰርቨሩን መልስ ሳይጠብቅ እንቅስቃሴውን አስቀድሞ ይገምታል። የዛሬዎቹ የኦንላይን ተኩስ ጌሞችም በዚሁ ዘዴ ይሠራሉ። ግምቱና የሰርቨሩ ፍርድ ሲለያዩ ወደፊት የሮጠው ተጫዋች በድንገት ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ተጫዋቾች «ላግ አደረገ» ብለው የሚያማርሩት አንዱ ይህ ነው።

ማይክሮሶፍት በኖቬምበር 2002 ኤክስቦክስ ላይቭ የተባለውን የኮንሶል ኦንላይን አገልግሎት፣ ቫልቭ ደግሞ በሴፕቴምበር 2003 ስቲም የተባለውን የኮምፒውተር ጌም ማከፋፈያ ሲጀምሩ ጌምን ከተሸጠ በኋላ ማረም የተለመደ ሥራ ሆነ። ስቲም ከታሰበባቸው ነገሮች አንዱ ካውንተር ስትራይክን የመሳሰሉትን ጌሞች በራሱ ጊዜ ማደስ ነበር፤ የሚያስቀው ራሱ ስቲም በወጣ ሰሞን ሰርቨሮቹ ተጨናንቀው ክፉኛ መሰደቡ ነው።

አምራቾች ለልማዱ ሁለት ምክንያት አላቸው። አንዱ የቀን ጉዳይ ነው፤ ጌሙ ከገና ገበያ በፊት ወይም የኩባንያው የበጀት ዓመት ሳይዘጋ መሸጥ አለበት። ሌላው ግን እውነትም ከባድ ነው፤ ጥቂት መቶ ፈታሾች በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ ሌሊት ሰርቨር ላይ ሲወርድ የሚሆነውን አስመስለው ማየት አይችሉም። ለሁለተኛው ይቅርታ ይገባል፤ ለመጀመሪያው አይገባም።

የታወቁ አጋጣሚዎች

የዚህ ልማድ ዋና ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀሰው ባትልፊልድ 4 ነው። የስዊድኑ ዳይስ የሠራውንና ኤሌክትሮኒክ አርትስ በኦክቶበር 2013 የለቀቀውን ይህን ጌም 64 ሰው በአንድ ሜዳ ይጫወተዋል፤ በወጣ ሰሞን ግን ጨዋታው እየተዘጋ፣ ብቻን በሚጫወቱት ዘመቻ የተቀመጠው ውጤት ሳይቀር እየጠፋ አስቸገረ። በዲሴምበር ዳይስ ሌሎች ሥራዎቹን አቁሞ ጥገና ላይ እንደሚያተኩር አስታወቀ። የአክሲዮን ባለቤቶች የኩባንያው ኃላፊዎች ስለጌሙ ጥራት አታለውናል ብለው አሜሪካ ውስጥ ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱ በ2014 ክሱን ውድቅ አደረገው። ዋናው ጥገና የሰርቨሩ የመልእክት ፍጥነት ነበር። መጀመሪያ ሰርቨሩ የሌሎችን ተጫዋቾች ቦታ ለእያንዳንዱ ሰው የሚልከው በሰከንድ 10 ጊዜ ነበር፤ በ2014 በቅርብ ላሉት ተጫዋቾች ወደ 30 ጊዜ ከፍ አለ። 10 ጊዜ ማለት በሁለት መልእክት መሀል 100 ሚሊሰከንድ ዕውርነት ማለት ነው።

በኖቬምበር 2014 የወጣው ሄይሎ፦ ዘ ማስተር ቺፍ ኮሌክሽን ዲስኩ ስላልበቃው ገዢው በመጀመሪያው ቀን 20 ጊጋባይት እንዲያወርድ አስገደደ። ከዚያም በኋላ ተጫዋቾችን የሚያገናኘው ክፍል አልሠራ አለ። ጌሙን መሠረታዊ በሆነ መንገድ ያስተካከለው አፕዴት የመጣው በኦገስት 2018 ነው። ዩቢሶፍት በበኩሉ ሬይንቦው ሲክስ ሲጅን በዲሴምበር 2015 ከለቀቀ በኋላ፣ በ2017 አዲስ ይዘት ማውጣቱን ለአንድ ወቅት አዘግይቶ ጥገና ብቻ ሠራ። ከሁሉም ብልህ የነበረው ይህ እርምጃ ነው፤ ጌሙ ከዚያ ወዲህ ለዓመታት ተጫዋች አላጣም።

ሁሉም አልዳኑም። ባዮዌር በፌብሩዋሪ 2019 የለቀቀውን አንዘምን እንደገና ለመሥራት ቢጀምርም በ2021 ተወው። በሜይ 2023 የወጣውን ሬድፎልን የሠራው አርኬን ኦስተን በዓመቱ ተዘጋ፤ የመጨረሻው አፕዴት ጌሙን ያለ ኢንተርኔት ብቻን መጫወት እንዲቻል አደረገ። ለአዲስ አበባ ተጫዋች ከሁሉም የሚጠቅመው አፕዴት የመጣው ሠሪዎቹ ሊበተኑ ሲሉ ነው።

በቂርቆስና በካዛንቺስ

ካዛንቺስ ከኔትወርክ ጋር የተዋወቀው ከአገሪቱ ቀድሞ ነው። በሰፈሩ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ፓዲስ በተባለው የመረጃ ሥርዓቱ በኩል በ1990ዎቹ መጀመሪያ በስልክ መስመር የኢሜይል መልእክት ያመላልስ ነበር፤ ቴሌ ኢንተርኔትን ለሕዝብ የከፈተው በጃንዋሪ 1997 ነው። አራተኛው ትውልድ ሞባይል ኔትወርክ አዲስ አበባ የገባው በ2015 ሲሆን፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በከተማዋ ሥራ የጀመረው በኦክቶበር 2022 ነው። እስከዚያ ድረስ ተጫዋቹ የሚያማርጠው ኩባንያ አልነበረውም።

በሰፈሩ ጌም ቤቶች ዙፋኑን የያዘው የኳስ ጌም ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሁለት ሰው፣ ሁለት ጆይስቲክና አንድ ቴሌቪዥን ይበቃዋል፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ ሒሳቡም በጨዋታ ይቆረጣል። የኦንላይን ተኩስ ጌም ለባለቤቱ አይመቸውም። አፕዴት እስኪወርድ ማሽኑ ቆሞ ይውላል፤ ቆሞ የዋለ ማሽን ደግሞ ገቢ የለውም። 36 ጊጋባይት በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚሄድ መስመር ሳይቆራረጥ ቢወርድ 8 ሰዓት ይፈጃል። መስመሩ 4 ሜጋቢት ከሆነ 20 ሰዓት ነው፤ በመሀል መብራት ከሄደ ደግሞ ሒሳቡ ይቀየራል።

36 ጊጋባይት የሚለው ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም። ኮል ኦፍ ዱቲ፦ ዋርዞን በማርች 2020 በነፃ ሲለቀቅ በአዲስ አበባም ጠንካራ ኮምፒውተር ወይም ኮንሶል ላለው ሰው በሩ የተከፈተ ይመስል ነበር። ጌሙ ግን በየወቅቱ እየተጠገነና እየተጨመረበት፣ ከተጣመረው ከሞደርን ዋርፌር ጋር በኮምፒውተር ላይ ከ200 ጊጋባይት አለፈ። ጁን 30 ቀን 2020 የሜዳውን ተጫዋቾች ቁጥር ወደ 200 ያሳደገው ትልቅ አፕዴት ወጣ፤ መጠኑ ከ22 እስከ 36 ጊጋባይት ነበር። ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ የተገደለው በዋዜማው ሌሊት ሲሆን፣ በዚያ ጠዋት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስም ከሁለት ሳምንት በላይ ወሰደ። ሰው እየሞተ በነበረበት ሰሞን ስለጌም ማንሳት ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን በኢንተርኔት የሚጠገን ዕቃ በአንድ ትእዛዝ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። የጌሙ ሰርቨር አሮጌ እትም አይቀበልም። መስመሩ ሲመለስም ተጫዋቹ መጀመሪያ የተጠራቀመውን አፕዴት ማውረድ ነበረበት።

ርቀትም የራሱ ድርሻ አለው። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ መልእክት ደርሶ ለመመለስ ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ ይወስዳል። እውነተኛው መንገድ ግን በጂቡቲና በቀይ ባሕር ወይም በጎረቤት አገሮች የሚዞር ነው። ሳይበስል የወጣ ጌም በዚህ ላይ የራሱን መዘግየት ሲጨምርበት፣ በስቶክሆልም ተጫዋች ላይ ብስጭት ብቻ የሚሆነው ጉድለት በካዛንቺስ ተጫዋች ላይ ሽንፈት ይሆናል። ጥገናው የሰርቨሩን ጥፋት ያቃልላል፤ ኪሎ ሜትሩን ግን አያሳጥርም።

አካውንት ሌላው እንቅፋት ነው። የሶኒ ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ ከሚሠራባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም፤ ተጫዋቹ ሌላ አገር መርጦ ካልከፈተ መግባት አይችልም። በፌብሩዋሪ 2024 የወጣው ሄልዳይቨርስ 2 መጀመሪያ ሰርቨሩ ሰው አልችል ብሎ ተቸገረ፤ ያ በጥቂት ሳምንታት ተስተካከለ። በሜይ ግን ሶኒ የኮምፒውተር ተጫዋቾችም የኔትወርኩ አካውንት ይኑራቸው አለ፤ ጌሙም ኔትወርኩ በማይሠራባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ስቲም ላይ እንዳይሸጥ ተደረገ። በተጫዋቾች ቁጣ ትእዛዙ በቀናት ውስጥ ተሻረ፤ ሽያጩ ግን ወዲያው አልተከፈተም። በዚህ ላይ ከውጭ ለመግዛት የዶላር ካርድ ያስፈልጋል፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የአንድ ጌም ዋጋ በብር ሲሰላ እጅግ ንሯል።

እነዚህን ሁሉ የሚያልፈው መንገድ ኮፒ ነው። ጌም የሚጭኑ ሱቆች ከሃርድ ዲስክ ወደ ሃርድ ዲስክ ይገለብጣሉ፤ ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው፣ ዳታ አይበላም። ነገር ግን የተሰበረ ኮፒ ወደ ኩባንያው ሰርቨር አይገባም፣ በራሱም አይታደስም። ስለዚህ በተለቀቀ ሳምንት የተገለበጠ ጌም የመጀመሪያ ቀን ጉድለቱን እንደያዘ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሲዞር ይኖራል። ባትልፊልድ 4ን በዚህ መንገድ ያገኘ ሰው የሚያውቀው ብቻውን የሚዋጋበትን ዘመቻ ነው፤ ስለ 64ቱ ሰው ሜዳም ሆነ ስለ ጥገናው ታሪክ በወሬ ካልሆነ አይሰማም።

ተኩሱ በተግባር የሰፈረው በስልክ ላይ ነው። ፐብጂ ሞባይል፣ ፍሪ ፋየርና ኮል ኦፍ ዱቲ ሞባይል በነፃ ይወርዳሉ፤ በተለይ ፍሪ ፋየር አቅሙ ዝቅ ባለ ስልክ እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው። ፐብጂ ለመካከለኛው ምሥራቅ የተለየ ሰርቨር ስላለው ከአውሮፓው ይቀርባል። አፕዴታቸውም ቢሆን በኮንሶል ከሚመጣው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ በወር ፓኬጅ ወይም በካፌ ዋይፋይ ይወርዳል።

የሰፈሩ ገጽታም ተቀይሯል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ሥራ የካዛንቺስ አሮጌ መንደር ብዙው ሲፈርስ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ቦታዎች ተዛውረዋል። የመንደር ጌም ቤት ደንበኛው በእግር የሚመጣ ጎረቤት ነውና መንደሩ ሲነሳ ገበያውም አብሮ ይነሳል።

በዚህ አካባቢ የኦንላይን ተኩስ ጌም ለመግዛት ያሰበ ሰው ከዋጋው በፊት ሦስት ነገር ቢያይ ይሻለዋል፤ ጌሙ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል ወይ፣ አካውንቱ በኢትዮጵያ ይሠራል ወይ፣ የመጨረሻው አፕዴት ስንት ጊጋባይት ነበር። ስቲም ከ2015 ጀምሮ ጌሙ በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በላይ ካልተጫወቱበት፣ ገንዘብ ይመልሳል። አፕዴቱ ለመውረድ ቀናት ከፈጀ ግን 14ቱ ቀን መቁጠሩን አያቆምም።