በሥራ ላይ የተገኘ ክህሎትን በምዘና ማረጋገጥና ከሥራ ገበያ ፍላጎት ጋር ማገናኘት

በኢትዮጵያ በርካታ ሠራተኞች ሙያቸውን የተማሩት በማሠልጠኛ ተቋም ሳይሆን በሥራ ቦታ፣ ከቀደመ ባለሙያ ጎን በመሥራት ነው። ግንበኛ፣ የብየዳ ሠራተኛ፣ ልብስ ሰፊ፣ ምግብ አብሳይና የቤት ውስጥ ሥራ ባለሙያ ለዓመታት ሠርተው ከፍ ያለ ችሎታ ላይ ቢደርሱም፣ ይህን ችሎታቸውን የሚገልጽ ማስረጃ ላይኖራቸው ይችላል። በሌላ በኩል ቀጣሪ ድርጅቶች ክፍት የሥራ መደብ አውጥተው ተስማሚ ባለሙያ አጣን ይላሉ። የሙያ ብቃት ምዘና ሁለቱን ወገኖች ከሚያገናኙ መንገዶች አንዱ ነው። ይህ ጽሑፍ የምዘናውን ምንነት፣ ሂደቱንና ከሥራ ፍለጋ ጋር ያለውን ግንኙነት ያብራራል።

1. የክህሎትና የሥራ ፍላጎት አለመጣጣም

አለመጣጣም የሚባለው የሠራተኛው ችሎታና የሥራ መደቡ የሚጠይቀው ችሎታ ሳይገናኙ ሲቀሩ ነው። ይህም በሦስት መልኩ ይታያል።

ሀ/ ሠራተኛው ሥራው የሚጠይቀው ክህሎት ሳይኖረው ሲቀር፤
ለ/ ሠራተኛው ካለው ችሎታ በታች በሆነ ሥራ ላይ ሲሰማራ፤
ሐ/ ክህሎቱ እያለ በማስረጃ ባለመረጋገጡ ወይም በትክክል ባለመገለጹ ቀጣሪው ሳያውቀው ሲቀር።

ለመጀመሪያው ችግር መፍትሔው ሥልጠና ነው። ሁለተኛው ችሎታን የሚመጥን የሥራ መደብ መፈለግን ይጠይቃል። ለሦስተኛው ግን ሠራተኛው የሚያውቀውን እንደገና መማር አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ያለውን ችሎታ ማስመዘን ነው። ስለሆነም ሥራ ፈላጊው ለሥልጠና ጊዜና ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ችግሩ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ይኖርበታል።

2. የሙያ ደረጃ

ምዘና የሚካሄደው በሙያ ደረጃ መሠረት ነው። የሙያ ደረጃ በአንድ ሙያ የተሰማራ ሰው ምን ማወቅና ምን መሥራት እንዳለበት የሚዘረዝር ሰነድ ሲሆን፣ የሚዘጋጀውም በዘርፉ የተሰማሩ ባለሙያዎች በሚሳተፉበት ሂደት ነው። ሙያዎች ከደረጃ 1 ጀምሮ ወደ ላይ በደረጃ ተከፍለዋል። ዝቅ ያሉት ደረጃዎች በሌላ ሰው የቅርብ ክትትል የሚከናወኑ ሥራዎችን፣ ከፍ ያሉት ደግሞ በራስ ኃላፊነት መሥራትን እና ሌሎችን መምራትን ይመለከታሉ።

የሙያ ደረጃ ለሠራተኛውና ለቀጣሪው የጋራ ቋንቋ ሆኖ ያገለግላል። ለምሳሌ «ግንበኛ» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ አይናገርም። አንዱ ግንበኛ ድንጋይና ብሎኬት መደርደር ይችላል፤ ሌላው ከዚህ በተጨማሪ ፕላን አንብቦ ልኬት ያወጣል፣ በቱምቢና በውኃ ልክ ትክክለኛነትን ያረጋግጣል፣ የሲሚንቶና የአሸዋ መጠን ይወስናል። ቀጣሪው ሁለተኛውን ፈልጎ ማስታወቂያው ላይ «ግንበኛ» ብሎ ብቻ ከጻፈ፣ ሠራተኛውም በማመልከቻው «ግንበኛ ነኝ» ብሎ ብቻ ካለፈ፣ የሚፈላለጉት ሰዎች ሳይተዋወቁ ይቀራሉ።

3. ለምዘና ማን መቅረብ ይችላል?

የቴክኒክና ሙያ ሥርዓቱ ትኩረት የሚሰጠው ተመዛኙ መሥራት ለሚችለው እንጂ ችሎታውን ላገኘበት ቦታ አይደለም። በዚህ መርህ መሠረት የሚከተሉት ሰዎች ለምዘና መቅረብ ይችላሉ።

ሀ/ በመንግሥት ወይም በግል ተቋም መደበኛ ሥልጠና የተከታተሉ፤
ለ/ አጫጭር ሥልጠናዎችን የወሰዱ፤
ሐ/ ሙያውን በሥራ ላይ፣ ከቤተሰብ ወይም በግል ጥረት የተማሩ፤
መ/ በውጭ አገር ሠርተው ልምድ ያካበቱ ከስደት ተመላሾች።

4. የምዘናው ሂደት

ምዘናውን የሚያካሂዱት በየክልሉና በከተማ አስተዳደሮች የተቋቋሙ የሙያ ብቃት ምዘናና ማረጋገጫ አካላት ናቸው። አገልግሎቱ በሕዝቡ ዘንድ «ሲኦሲ» በሚለው አጠራር ይታወቃል። አመልካቹ የሚያልፍባቸው ዋና ዋና ደረጃዎች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ/ መረጃ መጠየቅ፤ አመልካቹ ሙያው በየትኛው የሙያ ደረጃ እንደሚካተት፣ ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግና ክፍያው ስንት እንደሆነ ከምዘና አካሉ ወይም ከአቅራቢያው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ይጠይቃል። ክፍያው እንደ ሙያውና እንደ ደረጃው ስለሚለያይ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል።

ለ/ ራስን መገምገም፤ አመልካቹ በሙያ ደረጃው የተዘረዘሩትን ተግባራት እየተመለከተ የትኞቹን በራሱ መሥራት እንደሚችልና የትኞቹ እንደሚቀሩት ይለያል። ይህ ደረጃ ባይዘለል ይመረጣል፤ ለአቅም የማይመጥን ደረጃ መርጦ ከመቅረብ ያድናል።

ሐ/ መመዘን፤ ምዘናው የዕውቀትና የተግባር ክፍሎች አሉት። በተግባር ክፍሉ ተመዛኙ በምዘና ማዕከል የተሰጠውን ሥራ መዛኞች ባሉበት ሠርቶ ያሳያል። የሚታየውም የተጠናቀቀው ሥራ ብቻ ሳይሆን የአሠራሩ ቅደም ተከተል፣ የመሣሪያ አያያዝና የደኅንነት ጥንቃቄ ጭምር ነው።

መ/ ውጤት መቀበል፤ ብቁ ሆኖ የተገኘ ተመዛኝ የተመዘነበትን ሙያና ደረጃ የሚገልጽ የብቃት ማረጋገጫ ይሰጠዋል።

ብቁ አይደለም የሚል ውጤት የሙያው መጨረሻ አይደለም። ተመዛኙ የጎደለው የትኛው ክፍል እንደሆነ ጠይቆ፣ በዚያ ላይ ብቻ ሥልጠና ወይም ልምምድ አድርጎ በድጋሚ መመዘን ይችላል። ለምሳሌ ለዓመታት በብየዳ ሥራ የቆየ ሠራተኛ በተግባር ብልጫ አሳይቶ በደኅንነት ጥንቃቄ ወይም በሥዕል ንባብ ሊወድቅ ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሠራተኛ የሚበጀው ያንኑ ክፍተት የሚሞላ አጭር ሥልጠና እንጂ ሙያውን ከመነሻው መማር አይደለም።

5. የሥራ ልምድ ማስረጃ

የብቃት ማረጋገጫ ሠራተኛው ምን መሥራት እንደሚችል ያሳያል፤ የት፣ ለምን ያህል ጊዜና በምን ሥራ ላይ እንደቆየ የሚያሳየው ደግሞ የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ፣ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። በመሆኑም አዋጁ የሚሸፍነው ሠራተኛ ሥራ እስኪለቅ መጠበቅ አይኖርበትም፤ በሥራ ላይ እያለም መጠየቅ ይችላል። በማስረጃው ላይ የሥራ መጠሪያው ብቻ ሳይሆን በእርግጥ ያከናወናቸው ተግባራት እንዲገለጹ ቢያደርግ ይጠቅመዋል።

6. ምዝገባና የሥራ ማገናኘት

ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 88 መንግሥታት ነፃ የሕዝብ የሥራ ማገናኘት አገልግሎት እንዲኖራቸው ይደነግጋል። ሥራ ፈላጊዎች በሚኖሩበት ወረዳ በሚገኘው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ ይችላሉ። በምዝገባ ወቅት «ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» የሚለው መልስ ቅንነትን ቢያሳይም ለማገናኘት አያመችም። ሙያን፣ ደረጃን፣ የልምድ ዘመንን፣ መሥራት የሚቻልባቸውን መሣሪያዎችና ለሥራ መሄድ የሚቻልበትን አካባቢ ለይቶ ማስመዝገብ ይበልጥ ይጠቅማል። አዲስ ማስረጃ ሲገኝም መዝገቡ እንዲስተካከል ማድረግ ያስፈልጋል።

በአገር ውስጥ የሥራ ማገናኘት አገልግሎት የሚሰጡ የግል ኤጀንሲዎችም አሉ። እነዚህ ኤጀንሲዎች ፈቃድ ሊኖራቸው የሚገባ ሲሆን፣ ለማገናኘቱ ከሠራተኛው ክፍያ መቀበል አይችሉም። ክፍያ የተጠየቀ ሥራ ፈላጊ ጉዳዩን ለሚመለከተው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባዋል።

7. ከቀጣሪዎች የሚጠበቅ

ቀጣሪው በማስታወቂያው የትምህርት ደረጃን ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው የሚያከናውናቸውን ተግባራት ቢዘረዝር፣ በሥራ ላይ የተማሩ ባለሙያዎችም ራሳቸውን ሊያገኙበት ይችላሉ። ሕጉም ለሥራው ተስማሚ መሆንን በተግባር ለማየት ዕድል ይሰጣል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በጽሑፍ በሚደረግ ስምምነት የሙከራ ጊዜ መወሰን የሚቻል ሲሆን፣ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም። አንድ ሠራተኛ በዚያው አሠሪ ዘንድ ለተመሳሳይ ሥራ ዳግም ሲቀጠር ግን በድጋሚ ለሙከራ አይቀጠርም።

8. ማስገንዘቢያ

የብቃት ማረጋገጫ ብቻውን ለሥራ መቀጠር ዋስትና አይሆንም፤ በአካባቢው ለሙያው ያለው ፍላጎትም ይወስናል። ስለዚህ ለምዘና ወይም ለሥልጠና ከመወሰን በፊት በአካባቢው የትኞቹ ሙያዎች እንደሚፈለጉ ከጽሕፈት ቤቱና ከቀጣሪዎች መጠየቅ ተገቢ ነው። ማረጋገጫው የሚሰጠው ተመዝኖ ብቁ ሆኖ ለተገኘ ብቻ ነው። ያለ ምዘና ማስረጃ እናወጣለን የሚሉ ደላሎች የሚያቀርቡት ሰነድ ሐሰተኛ በመሆኑ ሠራተኛውን ለገንዘብ ኪሳራና ለሕግ ተጠያቂነት ይዳርገዋል፤ በሐቅ ያካበተውንም ችሎታ ጥርጣሬ ላይ ይጥልበታል።