ትንሿ ካሜራና የታሪክ ማስረጃ



የአገራችን የፎቶግራፍ ታሪክ የመጀመሪያ ምዕራፎች በአብዛኛው የቤተ መንግሥት ናቸው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የዳግማዊ ምኒልክን ዘመን በምስል አስቀርቷል፤ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹም የነገሥታቱ ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ተራው ሰው ግን በነዚህ ምስሎች ውስጥ ስሙ የሚጠራው ከስንት አንዴ ነው።

ካሜራን ወደ ሕዝቡ እጅ ካቀረቡት አንዱ ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው። ላይካ እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ ቀረበ። በ1990 የወጣው ኮንታክስ ቲ2፣ ቲታኒየም ለብሶና የካርል ዛይስ ሌንስ ይዞ ኪስ ውስጥ የሚገባ ሆነ፤ ዛሬም በውድ ዋጋ ይፈለጋል።

ከካራ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ እየወጣ ፎቶ የሚያነሣ ወጣት በአንድ ጥቅል የሚያገኘው 36 ምስል ነው። መንደሩ ነገ ሊፈርስ ይችላል፤ ቀንና ቦታ ያልተጻፈለት ምስል የየትኛው ሰፈር እንደነበረ አይመሰክርም። ስለዚህ ውድ ካሜራ የምትገዙ ሁሉ ማስታወሻ ደብተርም ግዙ፤ ፊልሙ ሲታጠብ ነጋቲቩን ከፎቶ ቤት ተቀብላችሁ አኑሩ። የነገው ተመራማሪ የሚጠይቃችሁ ነጋቲቩንና ጽሑፉን ነው።