የጠዳ ዝናብና የግብፅ ኮከብ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሩ የሚጀምረው ከሩቅ አገር አይደለም፤ ከዚሁ ከጠዳ ነው። ሐምሌ ሲገባ እዚህ የሚወርደውን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ሜዳው ሁሉ ጭቃ ነው። ያ ውኃ ወደ ደንቢያ ይወርድና ጣና ይገባል፤ ከጣና በዓባይ ይወጣል። የስሜን ተራሮች ውኃ ደግሞ በተከዜ አድርጎ ሱዳን ላይ ዓባይን ያገኘዋል። የሁሉም መንገድ ወደ ግብፅ ነው።

የጥንት ግብፆች ታዲያ ይህ ውኃ ከየት እንደሚነሣ አያውቁም ነበር። የሚመጣበትን ጊዜ ግን ያውቁ ነበር! በምን ቢሉ፣ በኮከብ። እነሱ ሶፕዴት የሚሏት፣ ፈረንጅ ሲርየስ የሚላት፣ ከሌሊት ከዋክብት ሁሉ ደማቋ፣ 70 ቀን ያህል ከዓይን ትሰወራለች። ከዚያ አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል፣ ፀሐይን ጥቂት ቀድማ በምሥራቅ ብቅ ትላለች። ካህናቱ ይህን ነበር የሚጠባበቁት። ታየች? በቃ፣ ዓባይ ሊሞላ ነው፤ አዲስ ዓመትም ደረሰ።

እነዚህ ሰዎች ሰማይን ሳያማክሩ ድንጋይ አያነሡም። የኩፉ ፒራሚድ ጎኖች ሰሜንና ደቡብን፣ ምሥራቅና ምዕራብን ሲከተሉ የሳቱት የአንዲት ዲግሪ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። የአቡ ሲምበሉ ቤተ መቅደስ ግን ይብሳል። ዳግማዊ ራምሴስ 60 ሜትር ያህል ወደ ዐለቱ ውስጥ አስፈልፍሎ፣ ከጥጉ አራት ምስሎች አስቀመጠ፤ አንዱ ራሱ ነው፣ ሦስቱ አማልክቱ። በዓመት ሁለት ጊዜ የማለዳ ፀሐይ በበሩ ገብታ እስከ ጥጉ ትዘልቅና ሦስቱን ታበራለች፤ ፕታሕ የተባለውን አራተኛውን በጨለማ ትተወዋለች። ዛሬ ይህ የሚሆነው ጥቅምት 12 እና የካቲት 15 ነው። ጥቅምት 12 ለእኛ ሚካኤል ነው፤ ያውም በጽጌ ጾም መካከል።

እንግዲህ ውኃችን ወረደ። ከዚያ ወደዚህ የወጣስ? አለ እንጂ! 12 ወር፣ ወሩ 30 ቀን፣ በስተመጨረሻ 5 ቀን ጭማሪ፤ ይህ የእነሱ ቀመር ነው። በየአራት ዓመቱ ግን አንድ ቀን ያመልጣቸው ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ238 ስድስተኛ ቀን ይጨመር ተብሎ ቢታወጅም የሰማ አልነበረም፤ የጸናው ሮማውያን አገሩን ከያዙ ወዲህ ነው። በእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን በኩል መጥቶ ይኸው በየዘመነ ሉቃሱ ጳጉሜን 6 ይሆናል። በዓልና ጾም የሚወጣበትን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳቡንም፣ አባቶች የሚሰጡት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ነው። መምህሩ 2018ን ሊያወጣ ሲቀመጥ 5500 ይጨምርና 7518 ይላል፤ ለ19 ሲገድፈው 13 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ትቶ 12 ወንበር ያደርጋል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ አበቅቴው 12፤ በ19 አባዝቶ ሲገድፍ መጥቅዑ 18። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልመጡ ተሳስቷል! የጨረቃን መንገድ በወረቀት ላይ እንዲህ ያሳድዳል።

ስምም ወጣልን። እቴጌ ምንትዋብ፣ ልጇ ዳግማዊ ኢያሱ በ1723 ዓ.ም. ከነገሠ በኋላ፣ ከጎንደር በስተሰሜን ምዕራብ ከተራራው ሥር ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን አሠራች። ቁስቋም ማለት እመቤታችን ልጇን ይዛ ስትሰደድ ያረፈችበት፣ እስከ ዛሬም ገዳም ያለበት የላይኛው ግብፅ ተራራ ነው። የጽጌ ጾም ሲፈታ ኅዳር 6 የሚነግሠው በዓልም የእሱ ነው። ምንትዋብ የራምሴስን ያህል አልቆፈረችም። ክብ ቤተ ክርስቲያን፣ ከውጭ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ ከመካከል መቅደስ። ፀሐይዋ መቅደስ ትግባ አትግባ ጉዳይ አልነበረም፤ በቅዳሴው ፊቱን ወደ ምሥራቅ የሚያዞረው ሕዝቡ ነው። ለእኔ ይሄኛው ይበልጥብኛል።

በ1762 ዓ.ም. ደግሞ ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ መጣ። መነጽሩንና የኮከብ መለኪያውን አስጭኖ ነበር፤ እቴጌይቱም ቁስቋም ከግቢዋ አስጠጋችው። ምንጩን ግሽ ላይ አየ። ሲመለስ የያዘው ግን ሌላ ነው፦ ፀሐይ በምሥራቅ በስድስት በሮች ትወጣለች፣ በምዕራብ በስድስት በሮች ትገባለች የሚለውን መጽሐፈ ሄኖክን፣ ያውም ሦስት ቅጂ! አውሮፓ ሙሉውን መጽሐፍ አጥቶት ኖሯል። አንዱን ፓሪስ፣ አንዱን ኦክስፎርድ ሰጠ። እነሱም ወስደው ከመደርደሪያ አኖሩት፤ ሎውረንስ የተባለ ሊቅ ከግእዝ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ እስኪያሳትመው ድረስ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ተቀመጠ።