«ቦካ» በአርሲ ደጋ፤ አንድ ጽሕፈትና ሦስት ቃል

በጭላሎ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በአሰላ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ጓዳ ይሰማሉ። ስለዚህ «ሊጡ ቦካ» የሚለውን የአማርኛ ግስ፥ በአርሲ፥ በጉጂና በቦረና ኦሮምኛ «ቦካ» ከሚባለው የማር መጠጥ ጋር አንድ አድርጎ መቊጠር ቀላል ነው። ነገሩ ተራ የድምፅ ጨዋታ አይደለም። ሁለቱ አንድ ከሆኑ፥ የአርሲ የማር መጠጥ ስሙን ያገኘው ምድሩ በ1870ዎቹ ዓ.ም. በምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላ ከመጣው ሰፋሪ ነው ወደሚል ፍርድ ያደርሳል።

የአማርኛው ግስ በመጀመሪያ ሲታይ የእንጀራ ቃል ይመስላል። ዱቄት በውሃ ሲታሽ «ተቦካ» ይባላል፤ የታሸውም ሊጥ በእርሾ ኃይል ሲነሣና ሲኮመጥጥ «ቦካ» ይባላል፤ ስሙም «ቡኮ» ነው። ይሁን እንጂ ለቤት ልስን ከጭድ ጋር ተረግጦ ጥቂት ቀን የሚተወው ጭቃም ይቦካል። ነገር የሚያንዛዛ ሰውም «ያቦካል» ይባላል። ግዕዝ ግን ሁለቱን ሥራ ይለያል፤ ለማሸት «ለወሰ»፥ ለመኮምጠጥ «ብሕአ» ይላል። «ብሑእ» የቦካው፥ «ብሒእ» ሆምጣጤው፥ «ናእት» ደግሞ ያልቦካው ቂጣ ነው። እንግዲህ በአማርኛው ቃል ውስጥ ከኮምጣጣነት ይልቅ ርጥበትና መታሸት የበረቱ ይመስላል።

ወሳኙ ማስረጃ ግን ሌላ ነው። በአማርኛ ጠጅ ይጣላል፥ ይፈላል፥ ይደርሳል፤ ጠላም ይጠነሰሳል፤ «ጠጁ ቦካ» የሚል ባለሙያ ግን የለም። ከሸዋ የመጣ ሰው ራሱ ለጠጅ የማይናገረውን ቃል ለሌላው የማር መጠጥ ስም አድርጎ ሊሰጥ እንዴት ይችላል?

ሊጥን በኦሮምኛ «ቡኮ»፥ መቦካትን «ቡካኡ» ማለት የሁለቱን ቋንቋዎች ጉርብትና ያሳያል፤ በዚህ ላይ ክርክር አያስፈልግም። (የአርሲ የክብር ምግብ ጩኮ ግን ከተቈላ ገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚሠራ ስለ ሆነ እርሾ አይነካውም።) የማር መጠጡ ስም ከእነዚህ በአናባቢው ርዝመት ይለያል፤ «ቦ» ተስቦ ይነገራል። ዝናም ማለት የሆነው «ቦካ» ደግሞ «ካ»ው ይጠብቃል። የግዕዝ ፊደል መሳቡንም ሆነ መጥበቁን ስለማያሳይ ሦስቱንም በአንድ መልክ ይጽፋቸዋል፤ ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ በላቲን ፊደል መጻፍ ከጀመረ ወዲህ ግን ልዩነታቸው በዓይን ይታያል። የማር መጠጡን ከሊጡ ጋር ያዛመደው ጽሕፈቱ እንጂ አንደበቱ አይደለም።