ሐሺሽና የካይሮ ዑለሞች፦ በስሙ ያልተጠቀሰ ነገር እንዴት ተመዘነ?



«ሐሺሽ በቁርኣን በስሙ አልተጠቀሰም፤ ታዲያ ማን ከለከለው?» የሚሉ ወጣቶች አሉ። ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከ700 ዓመት በፊት ካይሮና ደማስቆ ላይ ዑለሞችን አነጋግሯል።

ሐሺሽ በዐረብኛ ደረቅ ሣር ማለት ነው። ያኔ ይበላ እንጂ አይጨስም ነበር፤ ትምባሆ ገና ወደ ሙስሊሙ ዓለም አልገባምና። ታሪክ ጸሐፊው አል-መቅሪዚ (1364–1442) «የፉቀራዎች ሣር» ይባል እንደነበር ጽፈዋል።

የዑለሞቹ ክርክር ሣሩ የቱ ጎራ ውስጥ ይመደባል የሚል ነበር። ኢብን ተይሚያህ (1263–1328) እንደ ኸምር አስካሪ ነው፣ በላተኛውም እንደ ጠጪ ሐድ ይገባዋል አሉ። በ1285 ያረፉት የማሊኪው ዓሊም አል-ቀራፊ ግን «አል-ፉሩቅ» በተሰኘው ኪታባቸው ለዩት፦ ኸምር ደስታና ድፍረት ይሰጣል፣ ሐሺሽ ግን አእምሮን ያበላሻል። ስለዚህ ቅጣቱ ቃዲው የሚወስነው ተዕዚር ነው፤ ነጃሳም ስላልሆነ ይዞት የሰገደ ሰው ሶላቱ አይበላሽም። አእምሮን የሚነካውን ያህል መውሰድ ሐራም መሆኑ ላይ ግን ሁለቱም አልተለያዩም። በ1392 ያረፉት የሻፊዒው አል-ዘርከሺም ስለ ክልከላው ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል።

ሹማምንቱስ? አሚር ሱዱን አሽ-ሸይኹኒ በ1378 ገደማ የበላተኞችን ጥርስ እስከ ማስነቀል ደርሰው ነበር። ሆኖም አል-መቅሪዚ በራሳቸው ዘመን ነገሩ ያለ ሐፍረት በአደባባይ መታየቱን በምሬት መዝግበዋል። ፈረንሳዮችም ግብፅን በያዙ ጊዜ በ1800 ከለከሉት፤ አልጠፋም። ጥርስ መንቀል ልብን አይመልስም።

ይህ ሚዛን ወደ እኛም ደጃፍ መጥቷል። መካ ይኖሩ የነበሩት ኢብን ሐጀር አል-ሀይተሚ (በ1567 ያረፉት) ከየመን ስለ ጫት ተጠይቀው ነበር። የቃሚዎቹ ምስክርነት እርስ በርሱ ስለተጋጨባቸው በቁርጥ ሐራም ነው ከማለት ተቆጠቡ፤ መራቁ ግን እንደሚሻል መከሩ። ስሙን ሳይሆን በአእምሮና በአካል ላይ የሚያደርሰውን ነው የጠየቁት።

ስለዚህ ዛሬም አዲስ ስም ይዞ የሚመጣ ነገር ሲቀርብልን «ስሙ የት ተጻፈ?» ከማለታችን በፊት «አእምሯችንን ምን ያደርገዋል?» እንበል። ለልጆቻችንም ከዱላው በፊት ምክንያቱን እናስረዳቸው።

ወላሁ አዕለም።