የመዳረሻ ፈቃድ፦ የጋራ አቃፊ ባለቤትና ባለይዞታ

በመሥሪያ ቤቶች ውስጥ በየዕለቱ ከሚሰሙ አነጋገሮች አንዱ «ፎልደሩን ሼር አድርግልኝ»፣ ሌላው «አክሰስ የለኝም» የሚለው ሲሆን፣ ሁለቱም የሚጠቁሙት ባለሙያዎች ፐርሚሽን የሚሉትንና በዚህ ጽሑፍ «የመዳረሻ ፈቃድ» የተባለውን ጽንሰ ሐሳብ ነው። የመዳረሻ ፈቃድ ማለት ክላውድ ወይም ደመና በሚባለው፣ በኢንተርኔት በኩል በሚደረስበት ማከማቻ ውስጥ የተቀመጠን ፋይል ወይም አቃፊ (ፎልደር) ማን እንደሚያየው፣ ማን እንደሚያርመው፣ ማን ለሌላ እንደሚያጋራውና ማን እንደሚሰርዘው የሚወስን፣ ከፋይሉ ጋር ተያይዞ የሚኖር የስምና የሥልጣን ዝርዝር ነው። «የመዳረሻ መብት» ከማለት ይልቅ «ፈቃድ» ማለቱ የሚመረጠው፣ ፈቃድ ሁልጊዜ ሰጪ ያለው፣ በልክ የሚሰጥና ሲያስፈልግ የሚነሣ ነገር በመሆኑ ነው።

ጽንሰ ሐሳቡ ከደመና ማከማቻ በብዙ ዓመታት ይቀድማል። ብዙ ሰዎች አንድ ትልቅ ኮምፒውተር በጋራ ይጠቀሙ በነበረበት ዘመን በትለር ላምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1971 የተጠቃሚዎችንና የፋይሎችን ግንኙነት በሠንጠረዥ የሚገልጽ ሞዴል ያቀረበ ሲሆን፣ ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት ማንኛውም ተጠቃሚ ሥራውን ለመፈጸም ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን እንዳይሰጠው የሚጠይቀውን፣ በአማርኛ «የአነስተኛ ፈቃድ መርህ» ሊባል የሚችለውን ደንብ ከሌሎች የጥበቃ መርሆች ጋር ዘርዝረዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው ጉግል ድራይቭም ሆነ ሌሎቹ መሰል አገልግሎቶች የሚሠሩት በዚሁ ሐሳብ ላይ ተመሥርተው ነው።

አሠራሩን በአንድ አካባቢ ላይ አስቀምጦ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በወልድያ ከተማ፣ የግብርና ትምህርት የሚሰጥበት ግቢው ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ርቃ በምትገኘው፣ የሐብሩ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው መርሳ ነው፤ በዚያው ወረዳ ውስጥ ዋና መሥሪያ ቤቱ ባሕር ዳር በሆነው የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር የሚሠራው፣ ጊራና-1ን የመሳሰሉ የማሽላ ዝርያዎችን ያወጣው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። እንዲህ ተራርቀው የሚሠሩ ሰዎች አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ላይ የሚደረግ ሙከራን ውጤት በሰንጠረዥ ሞልተው በአንድ አቃፊ ይይዛሉ ቢባል፣ ሰንጠረዡን የሚያነበው ብቻ «ተመልካች»፣ ቁጥሩን ሳይነካ ማስታወሻ የሚጽፈው «አስተያየት ሰጪ»፣ የሚሞላውና የሚለውጠው «አርታዒ»፣ ሁሉንም የሚያዝበት «ባለቤት» የሚባል ደረጃ ይሰጠዋል። ብዙ ሰው ጊዜ ለመቆጠብ ሲል ለሁሉም የአርታዒነትን ፈቃድ ያድላል። ሰንጠረዡን የከፈተ አንድ አርታዒ የምርት መጠኑን ዓምድ ብቻ መርጦ ከትንሽ ወደ ትልቅ ቢደረድረው፣ የሙከራ መደቡ ቁጥር በቦታው ይቀርና የምርቱ አኃዝ ከሌላ መደብ ጋር ይጋባል፤ ገጹ ላይ ግን ምንም የተበላሸ ነገር አይታይም። የቀድሞውን ቅጂ ከለውጥ ታሪኩ መመለስ የሚቻለው ስሕተቱን የሚያስተውል ሰው ሲገኝ ነው። በነገራችን ላይ ተመልካችነትም ቢሆን የዋዛ ሥልጣን አይደለም፤ ባለቤቱ ካልከለከለ በቀር ተመልካቹ ፋይሉን ማውረድ፣ ማተምና መቅዳት ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ መታወቅ ያለበት «የፈቃድ ውርስ» ነው። ለውጪው አቃፊ የተሰጠ ፈቃድ በውስጡ ወዳሉት አቃፊዎችና ፋይሎች ሁሉ ይወርዳል፤ ነገ የሚፈጠረው አዲስ ፋይልም ዛሬ የተሰጠውን ፈቃድ ይወርሳል። በውስጠኛው አቃፊ ላይ ሰው መጨመር ቀላል ሲሆን፣ ከላይ የወረደውን መቀነስ ግን እንደ አገልግሎቱ ዓይነት የሚለያይና ብዙ ጊዜ የሚያደናግር ነው። ስለዚህ የተማሪዎችን ውጤት ወይም የሠራተኞችን የግል ማኅደር የያዘ አቃፊ በትልቁ የጋራ አቃፊ ሥር ከሚቀመጥ ይልቅ ከመነሻው ለብቻው መከፈት አለበት፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ የሚይዙ አካላት ለደኅንነቱ ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ግዴታ ስለጣለባቸው፣ ጉዳዩ የቢሮ ሥርዓት ብቻ ሆኖ አይቀርም። «ሊንኩ ያለው ማንኛውም ሰው» የሚለው ምርጫ ደግሞ የስም ዝርዝሩን ጭራሽ ያስቀረዋል፤ አንድ ጊዜ በቴሌግራም ቡድን የተላከ ሊንክ የት እንደሚደርስ አይታወቅም፣ ጉግልም በስም ያልታወቁትን ጎብኚዎች በእንስሳት ስም ከመጥራት ያለፈ የሚነግረው ነገር የለም።

ከደረጃዎቹ ሁሉ ይበልጥ ማብራሪያ የሚሻው ግን «ባለቤት» የሚለው ነው። በጉግል የግል አካውንት አሠራር የፋይል ባለቤት የሚሆነው ፋይሉን የፈጠረው ወይም የጫነው ሰው ነው እንጂ አቃፊውን የከፈተው ሰው ወይም ሁሉም የሚሠሩለት መሥሪያ ቤት አይደለም፤ በዚህም ምክንያት በአንድ የጋራ አቃፊ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ አሥር ፋይሎች አሥር የተለያዩ ባለቤቶች ሊኖሯቸው ይችላል፣ እያንዳንዱም ፋይል ቦታ የሚይዘው ከየባለቤቱ 15 ጊጋባይት ነፃ ድርሻ ላይ ነው። ከባለቤቶቹ አንዱ ሥራ ለቅቆ አካውንቱን ቢዘጋ ፋይሎቹ አብረውት ይጠፋሉ፤ ባይዘጋውም እንኳ ጉግል ለሁለት ዓመት አገልግሎት ላይ ያልዋለን የግል አካውንት ሊሰርዝ እንደሚችል አስታውቆ ከእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2023 ጀምሮ ተግባራዊ አድርጎታል።

የኢትዮጵያ የመሬት ሕግ በያዥና በባለቤት መካከል ያለውን ልዩነት የሚገልጽ የበሰለ ቃል አለው። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሲሆን፣ የሐብሩ ገበሬ በስሙ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ቢኖረውም፣ ቢያርስ፣ ቢያከራይና ቢያወርስም «ባለይዞታ» እንጂ መሬቱን መሸጥ የሚችል «ባለቤት» አይባልም። በሥራው ምክንያት ፋይል የፈጠረ ሠራተኛም በትክክል ሊባል የሚገባው የፋይሉ ባለይዞታ ነው፤ ባለቤቱ ተቋሙ ነው። በግል አካውንት ላይ የተመሠረተው አሠራር ይህን አያውቅም፤ ሠራተኛውን ባለቤት፣ ተቋሙን ደግሞ ባዕድ ያደርገዋል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 ያስተዋወቀውና በኋላ የጋራ ድራይቭ ተብሎ የተሰየመው አገልግሎት ለተቋማት አካውንቶች የፋይሉን ባለቤትነት ከሰው ወደ ተቋሙ ያዛወረ በመሆኑ፣ ሠራተኛው ሲሄድ ፋይሉ ይቀራል። ይህን አገልግሎት ያላገኘ መሥሪያ ቤት ቢያንስ ፈቃዱን ለግለሰብ ስም ሳይሆን ለሥራ ክፍሉ የቡድን ኢሜይል መስጠት፣ ሠራተኛ ሲዘዋወርም ርክክቡ የቢሮ ቁልፍና የንብረት ዝርዝር በመፈረም እንዳያበቃ ማድረግ ይችላል። በግል አካውንት የፋይል ባለቤትነት ሲዛወር አዲሱ ተቀባይ ጥያቄውን መቀበል ስላለበት፣ ርክክቡ ተሰናባቹ የመጨረሻ ፊርማውን ከማኖሩ በፊት መጠናቀቅ ይኖርበታል።

ሥርዓቱ የሚያውቀው አካውንትን እንጂ ሰውን አለመሆኑ ሌላው ድክመቱ ነው። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት በተያዘችበት ወቅት ዩኒቨርሲቲውን ጨምሮ የበርካታ ተቋማት ንብረት መዘረፉ ይታወቃል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ባለሙያ ከአካውንቱ ሳይወጣበት የቀረ ኮምፒውተር ተወስዶ የተከፈተ እንደሆነ፣ ለባለሙያው የተሰጠው ፈቃድ ሁሉ ኮምፒውተሩ በእጁ ለገባ ሰው ይሠራል። መፍትሔው በአቃፊው ቅንብር ውስጥ የለም፤ የሚገኘው በአካውንቱ የደኅንነት ገጽ ላይ ነው፣ ከዚያም የጠፋውን መሣሪያ ከሩቅ ማስወጣትና የይለፍ ቃሉን መለወጥ ይቻላል።

ፈቃድ ማንሣትም ቢሆን የሚሠራው በማከማቻው ላይ ነው። ቀደም ብሎ የወረደ ቅጂ ባለበት ይቀራል፤ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ተደርጎ በላፕቶፕ ወይም በስልክ ላይ የተቀመጠ ፋይልም መሣሪያው እንደገና እስኪገናኝ ድረስ ፈቃዱ መነሣቱን አያውቅም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠበት ዓይነት ሁኔታ ይህ ክፍተት ለሳምንታትና ለወራት ሊዘልቅ ይችላል። በዚህ መካከል ከገጠር ቀበሌ መረጃ የሚሰበስብ ሠራተኛ ያለ ኔትወርክ ሰንጠረዡን ሞልቶ ቢቆይና ሳይገናኝ ፈቃዱ ቢነሣ፣ የለፋበት አኃዝ ወደ ጋራው አቃፊ ሳይገባ በመሣሪያው ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ የአቃፊው ኃላፊ ስሙን ከዝርዝሩ ከማውጣቱ በፊት ሠራተኛው ኔትወርክ ወዳለበት መርሳ ወይም ወልድያ ወጥቶ ሥራውን መጫኑን ማረጋገጥ አለበት።